ከጅዳ የመጣው ምድጃ

ስም አልጠራም፤ በሕይወት ያሉ አሉና። ማን ማን እንደነበርን ግን ልናገር። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ከሚሴ ወፍጮ ቤት የምሠራ፣ ከአራተኛ ክፍል በላይ ያልተማርኩ፣ የቀረውን ከልጆቼ መጻሕፍት ለብቻዬ ያነበብኩ ሰው። ሁለተኛው ጨፋ ሮቢት ፊዚክስ የሚያስተምር ወጣት መምህር ነው፤ ተማሪዎቹ ሰልፍ ወጡ ተብሎ የታሰረ። ሦስተኛው የሰንበቴ የከብት ነጋዴ፣ ሐጂ ናቸው፤ ጥፋታቸው ሰልፈኞቹን ውሃ ማጠጣት ነበር። አራተኛው መርማሪው ነው። የቀሩት ሁለቱ እስር ቤቱን ከውስጥ ያላዩ ሴቶች ናቸው፦ ባለቤቴ፣ እና ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራው ልጄ።

ልጄ ለእናቷ የማይክሮዌቭ ምድጃ ላከች። የእናቷ ዓይን በጭስ ደክሞ ነበር። የሰፈራችን ሰው ከሐጅ ሲመለስ ይዞላት መጣ። ባለቤቴ በዳንቴል ሸፍና ከቡፌው ላይ አስቀመጠችው፤ እንግዳ ሲመጣ ዳንቴሉን ታነሣለች።

የሰልፉ ጊዜ ፖሊሶች ቤት ለቤት ይፈትሹ ነበር። እኛ ቤት ሲደርሱ አንደኛው ዳንቴሉን ገልጦ ከምድጃው ጀርባ ያለውን ጽሑፍ አነበበ። 2450 ሜጋኸርዝ ይላል። በዚያ ዘመን በከተማችን ሜጋኸርዝ የሚለውን ቃል የሚያውቀው የተከለከለ ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰውና አዳማጩን የሚያስረው ብቻ ነበር።

"ይሄ የሬዲዮ ጣቢያ ነው" አለ።

"ምድጃ ነው።"

"ምድጃ ሜጋኸርዝ አለው?"

"ይሄኛው አለው።"

"ሞገድ ያወጣል?"

መዋሸት አልለመድኩም። "ያመነጫል፤ ከሳጥኑ ግን አይወጣም" አልኩት። እኔንም ምድጃውንም በአንድ መኪና ጫኑን።

የታሰርንበት ክፍል የእህል መጋዘን የነበረ ነው። የማሽላ ገለባ በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ቀርቷል፤ ላብ ላይ ሲያርፍ ያሳክካል። ከቀትር በኋላ የጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀት ይንጣጣል። ሐጂ ከጥግ ሆነው ቦታ ለቀቁልኝ።

"ምን አድርገህ መጣህ?"

"ምድጃ ይዤ።"

"ወላሂ? እኔ በውሃ፣ አንተ በምድጃ! ሻይ ሊያፈሉብን ነው የሰበሰቡን።"

"እኔ ስኳር የለኝም" አለ መምህሩ ከወዲያ ማዶ። ከተያዝኩ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት ያኔ ነው።

መምህሩ ሲያስተምር ደስ ይላል። ማይክሮዌቭ ከሬዲዮ ሞገድ አጠር ያለ፣ ከብርሃን ግን በጣም የረዘመ ሞገድ ነው አለን። ምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ ያንቀጠቅጠዋል፤ መንቀጥቀጡ ሙቀት ይሆናል። የምድጃው መስኮት ላይ ያለው ወንፊት ቀዳዳው ከሞገዱ ስለሚያንስ ሞገዱን አያሳልፍም፤ ብርሃን ግን ቀጭን ስለሆነ ሾልኮ ይወጣል፣ ምግቡንም የምናየው ለዚህ ነው። የቴሌ ማማውና የእጅ ስልካችን የሚነጋገሩትም በዚህ ሞገድ ዘመዶች ነው። ከዚያ ወደ ሰማይ ወጣ።

"ጋሼ፣ ዓለም መጀመሪያ ላይ ከምድጃ የባሰች ትኩስ ነበረች። ብርሃኑ ራሱ ጉም ውስጥ እንደገባ ሰው መንገድ አጥቶ ይደናበር ነበር። እየሰፋች ስትበርድ ጉሙ ተገፈፈ፤ ብርሃኑ ተለቀቀ። ዓለም ስትለጠጥ እሱም አብሮ ተለጠጠ። ዛሬ ዓይን የማያየው ቀዝቃዛ ማይክሮዌቭ ሆኖ ከየአቅጣጫው ይመጣል።"

"ገና እየመጣ ነው?" አሉ ሐጂ።

"ገና እየመጣ ነው።"

"እስኪለቀቅ ስንት ቆየ?"

"ወደ ሦስት መቶ ሰማንያ ሺህ ዓመት።"

"ሱብሃነላህ! ይሄን ለመርማሪው እንዳትነግረው፤ አብነት ያደርገዋል።"

ውሃ አሙቀህ ብታሳያቸውስ ያለኝ መምህሩ ነው። መርማሪውን ጠየቅሁት፤ ፈቀደ። ምድጃውን ቢሮው አስመጣ። ጠባቂው ውሃ በቆርቆሮ ኩባያ ይዞ መጣ።

"ቆርቆሮ አይሆንም" አልኩት።

"ለምን?"

"ብልጭታ ይፈጥራል።"

"ይኸው! ይፈነዳል ማለት ነው!" ብሎ ከበሩ ኋላ ተሸሸገ። ብርጭቆ ተፈልጎ መጣ። ቁልፉን ተጫንኩ። ምድጃው አጉረመረመ፣ ብርጭቆው ተሽከረከረ። ጠባቂው አንድ ዓይኑን ብቻ በበሩ ጠርዝ አውጥቶ ያያል። ደወሉ ጮኸና ቆመ። ውሃው ይንተከተካል። አልሃምዱሊላህ፣ ዛሬ ቤቴ ነኝ አልኩ በልቤ።

መርማሪው ከመሳቢያው ሻይ አውጥቶ በውሃው ነከረ። ጠባቂውን አሰናበተና በሩን ዘጋ። እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ይለኝ ነበር።

"ምድጃ መሆኑ የጠፋኝ መስሎሃል? እኔም ቤት አለ" አለኝ። "ጅዳ ያሉት የአገርህ ሴቶች ለታሳሪ ቤተሰብ ያዋጣሉ። ሰብሳቢዋ ልጅህ ናት።" የእኔን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። "ደውል። እናትሽ ታማለች፣ ቶሎ ነይ በላት። ስትመጣ አውሮፕላን ማረፊያ እንቀበላታለን። አንተ ዛሬውኑ ትገባለህ።"

"እናቷ ደህና ናት።"

"ታማለች በላት ነው የምልህ።"

"አልታመመችም። ጠዋት ምግብ አምጥታልኛለች።"

"አንድ ቃል እኮ ነው።"

"ልጆቼን ለአንድ ቃል ውሸት እየገረፍኩ ነው ያሳደግኳቸው" አልኩት። "አሁን በየትኛው አፌ?"

ሻዩን ጠጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልዘረዝርም። የግራ እጄ ጣቶች ዛሬም በደንብ አይጨበጡም። ሰው ነኝ፤ ወደ ቀኙ ቢሄዱ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ስለዚህ መምህሩ ሊፈታ ነው ሲባል የልጄን ስልክ ቁጥር በቃሉ አስጠናሁት።

"እንዲህ በላት" አልኩት። "እናትሽ ታማለች ብሎ የሚደውልልሽ ቢኖር፣ ማንም ይሁን፣ ድምፁ የእኔም ቢሆን፣ እንዳታምኚው። አትምጪ።"

ሐጂ ሰምተው ክንዴን ያዙኝ። "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ 'ማንም ይሁን' የምትለውን ተዋት። ነገ እውነት ሆኖ ቢገኝስ? አንድ በር ተው።"

"ሌባ የሚገባው በተተወው በር ነው፣ ሐጂ።"

መምህሩ ወጣ። መልእክቱንም ቃል ሳያጎድል አደረሰ።

ክረምቱ ሲገባ መርማሪው ራሱ ወደ ክፍላችን መጣ። ስልኬን በእጁ ይዟል። "አባባ፣ ባለቤትዎ ሆስፒታል ገብተዋል። ይደውሉና ለልጅዎ ይንገሯት" አለኝ። እንደገና አንቱ ሆኛለሁ።

"እንዲህም ታውቅበታለህ?" ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እጁን እንደዘረጋ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ኮቴው ሲርቅ ሰማሁ። ያን ቀን እውነቱን ነበር።

በማግስቱ ምግቡን ወንዱ ልጄ ይዞት መጣ። እንድንነጋገር አልፈቀዱም። ከአጥሩ ወዲያ ፊቱን አየሁ፤ ለመረዳት በቃኝ።

የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ባለቤቴ ደም ግፊት ጥሏት ምላሷ ተያዘ፤ ራሷ ልትናገር አትችልም። ወንዱ ልጄ ጅዳ ላለችው እህቱ ደወለ። "አባ ነግሮኛል" አለችው። "አንተንም ይዘውህ ነው አይደል? አይዞህ፣ ወንድሜ፣ እኔ አልመጣም።" አልቅሳ ዘጋች። መልሶ ቢደውል አላነሣችም። ነገሩ እስኪጣራ እናቷ አልቆየችም።

ጠባቂው የሞቷን ወሬ ለሐጂ በኦሮምኛ በሹክሹክታ ነገራቸው። ሐጂ እጄን ይዘው አስቀመጡኝ፤ ሰው ሲሞት የሚባለውን "ኢና ሊላሂ" ሲሉ ገባኝ። ቀብሯ አልፏል። የመጠጥ ውሃ ድርሻቸውን አፍስሰው የሶላት ትጥበቱን፣ ዉዱ፣ አስደረጉኝ። ከፊት ቆሙ፣ እኔም ከኋላቸው፤ በሌለችበት ሰገድንላት። ሌላ ጠባቂ በመስኮቱ አየንና "ተቀመጡ!" ብሎ ጮኸ። ለሙት የሚሰገደው የጀናዛ ሶላት ማጎንበስም መደፋትም፣ ሩኩዕም ሱጁድም፣ የለውም፤ ቆሞ ነው የሚሰገደው። ደጋግሞ ጮኸ። ሐጂ ሶላቱን አላፈጠኑም፤ እስከ መጨረሻው ሰላምታ አልተቀመጥንም።

ያለ ክስ ለቀቁኝ። ምድጃውንም መለሱልኝ፤ ውስጡ የሻይ ቅጠል ደርቆበታል። እኔ ውሸት ቤት ያፈርሳል እያልኩ ነው የኖርኩት፤ ዛሬም እላለሁ። ሞገድ ግን ሐቁንም ሐሰቱንም እኩል ተሸክሞ ያደርሳል፤ ይህን ማንም መጽሐፍ አላስተማረኝም። ሐጂ በር ተው ያሉኝን ብሰማ ኖሮ ልጄ ዛሬ የት ትሆን ነበር? ቤቷ ወይስ እኔ በነበርኩበት? ይህን አላውቅም፤ አውቃለሁ ብዬም አልሸነግልም።

ድምሩ ይህ ነው። መምህሩ ከሥራው ተባርሮ አገር ጥሎ ሄደ። ሐጂ ከተፈቱ በኋላ የሰንበቴን ገበያ ዳግመኛ አልረገጡም፤ ጉልበታቸው እዚያ ቀረ። ባለቤቴ ልጇን ሳታይ ሄደች። ልጄ የእናቷን መቃብር አታውቀውም። እኔ ደግሞ ስደውልላት፣ ከሰላምታም በፊት፣ "አባ፣ ብቻህን ነህ?" ትለኛለች።

"ብቻዬን ነኝ፣ ልጄ።"

ከዚያ ነው ሰላም የምትለኝ። አንድ ቀን እንኳ ዋሽቻት አላውቅም። ታምነኝ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።