በሐዘን መዝገቡ ላይ ያለው ኤክስ የእኔ ነው

መምህርት ዘነበወርቅ አርፈዋል። ለጥቂት ሳምንታት ታመው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በቤታቸው አረፉ፤ በማግሥቱ በየካ ሚካኤል ቀበርናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልጅ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸውና የሰማ ሁሉ መጥቷል። ያልሰማችሁ በዚህ ስሙ።

ያስተምሩበት ከነበረው ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ጥቁር ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ወጥቶ፣ ፎቶግራፋቸውና የሐዘን መዝገብ ተቀምጦ ነበር። ሰው ሁሉ ሐዘኑን እየጻፈ ፈረመ። በሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ቃልም ስምም የሌለው አንድ ትልቅ ኤክስ አለ። በእሱ የተነሣ ብዙ ወሬ ሰማሁ። አንዱ «የሰከረ ሰው ነው» ይላል። ሌላው «በልጁ ውጤት የተቀየመ ወላጅ ነው» ይላል። የጥበቃው ሰው፣ ሳደርገው አጠገቤ ነበርና፣ «ምስኪን፣ መጻፍ አይችሉም» ብሎ አዘነልኝ። እችላለሁ። ስሜ ደምሴ ነው፤ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት፣ ባሕር ዛፍ ተክዬ ለቤት ሠሪ አጠና የምሸጥ ሰው ነኝ። ኤክሱን ያደረግሁት እኔ ነኝ። መምህርትን የምታውቁ ሁሉ ነገሩን ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ጻፍኩ።

ልጄ አሰለፈች ጉርድ ሾላ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከልጇ ከማህሌት ጋር እኔ ቤት ነው የምትኖረው። ማህሌትን ያስገባቻት መምህርት ዘነበወርቅ የትምህርት ኃላፊ ከሆኑበት የግል ትምህርት ቤት ነው። ትምህርቱም ከባድ፣ ክፍያውም ከባድ። የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ከደጃችን ነው፤ ደወሉ እቤት ድረስ ይሰማል። ልጄ ግን የደመወዟን ግማሽ እየከፈለች ልጇን በየቀኑ ዳገቱን ታስወርዳለች። ይህ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ወር በመጣ ቁጥር እንጣላለን።

«ያው ሀ ሁ አይደለም እንዴ? እዚያ ሲሆን ወርቅ ይሆናል?» እላታለሁ።

«አባዬ፣ እርስዎ አይገባዎትም።»

«አይገባኝም። ለዚህ ነው የምጠይቅሽ!»

በዚያ ትምህርት ቤት አንድ ደንብ ነበረ። ልጅ ሁሉ ኮሙኒኬሽን የሚሉት ደብተር አለው። የዕለቱ ትምህርት ይጻፍበታል፤ ልጁ ማጥናቱን ያየ የቤት ሰው ይፈርምበታል። አሰለፈች ከሥራ አምሽታ ስለምትመጣ ፊርማው በእኔ ላይ ወደቀ። እኔ ደግሞ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ሳልደግም አባቴ ለእንጨት ሥራ የጠሩኝ ሰው ነኝ። አማርኛውን በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ። የማህሌት መጽሐፍ ግን ሁሉም እንግሊዝኛ ነው። እሷ «አባባ፣ እዚህ ጋ» ትለኛለች፤ እኔ «ደምሴ» ብዬ እጽፋለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ፈረምኩ።

አምስተኛ ክፍል ስትገባ ለወላጆች ስብሰባ እኔ ተላክሁ። መምህርትን ከቅርብ ያየኋቸው ያን ዕለት ነው። ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ከፍ የማይል፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ነበሩ። ደብተሩን ገልጠው፣ «ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ምን ብለው ነው የፈረሙት?»

«ልጅቱ አጥንታለች ብዬ።»

«ማጥናቷን በምን አወቁ?»

«ስታነበንብ ሰምቼ ነዋ።»

ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ሳቁ። ሽማግሌ ሰው ነኝ፤ ደሜ ፈላ። «እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰው ደብተር የምትልኩት እናንተ! ደግሞ ሰው ፊት ትመረምሩኛላችሁ?» አልኳቸው።

እሳቸው አልሳቁም። «እውነትዎን ነው፤ ጥፋቱ የእኛ ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ከዛሬ ጀምሮ ማህሌት የተማረችውን በአማርኛ ታስረዳዎት። ከገባዎት ይፈርሙ። ካልገባዎት ኤክስ ያድርጉ። ለይሉኝታ ግን አይፈርሙብኝ» አሉኝ።

ይህን ለእልኸኛ ሰው መናገር ለእሳት ጭራሮ ማቀበል ነው። በማግሥቱ ጀመርኩ።

ማህሌት ከክፍሏ ሦስተኛ የምትወጣ ልጅ ናት። ተክል ምግቡን እንዴት እንደሚሠራ ተምራ መጥታ በእንግሊዝኛ አንበለበለችው።

«በአማርኛ» አልኳት።

«ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል።»

«ማን አየው?»

«አባባ! መጽሐፉ ነው የሚለው።»

«ባሕር ዛፍ እኮ መሬቱን ነው የሚበላው። ምንጩን ጠጥቶ ያደርቃል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁትን ነው የምነግርሽ። ብርሃን እንዴት ይበላል? ይቆረጠማል?»

«አይቆረጠምም! ፕሮሰስ ነው።»

«ፕሮሰስ ምንድን ነው?»

ያንኑ በእንግሊዝኛ እንደገና ጀመረችው። ኤክስ አደረግሁ። አለቀሰች። በማግሥቱም ኤክስ፣ በሦስተኛውም ቀን ኤክስ። አሰለፈች «ልጄን ሊያስባርሯት ነው! ይፈርሙ በቃ!» ብላ ጮኸችብኝ። «አልገባኝም» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ውስጤ ደስ ብሎታል፤ ክፍያው ከንቱ መሆኑን ያስመሰከርኩ መሰለኝ። ዓርብ ዕለት ልጅቱን አስወጥቼ ከደጃችን ካለው ትምህርት ቤት ላስገባት ቆርጬ፣ ደብተሩን ይዤ ወረድኩ።

መምህርት ኤክሶቹን አንድ በአንድ አዩ። ማህሌትን አስጠርተው «በራስሽ ቃል ንገሪኝ» አሏት። አቃታት። ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣውን ልጅ አስጠሩ። እሱም ያው። ልጆቹን ከሸኙ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ይህ ኤክስ የልጅቷ አይደለም» አሉ። «የእኔ ነው።»

ሰበብ ስጠብቅ ነበር፤ አልሰጡኝም። ደብተሩን መልሼ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ፤ ልጅቱን ላስወጣ መምጣቴን እንኳ አልነገርኳቸውም። እሳቸውም ሰኞ ዕለት ራሳቸው ክፍል ገብተው ያንን ትምህርት ከሥሩ አስተማሩ። ማህሌትን ለብቻዋ ጠርተው ደግሞ፣ «ለአያትሽ ቃል አትጨምሪላቸው፤ አሳዪያቸው» አሏት።

በነጋታው ጠዋት ወደ ችግኝ መደቤ ብሄድ፣ ደህና ከሆኑት ችግኞቼ አንዷ ላይ የዘይት ቆርቆሮ ተደፍቶባታል።

«ማነው ይህን ያደረገ?»

«እኔ ነኝ። አይነሣም! ውሃ አጠጣታለሁ፣ አፈሩም ያው ያንተው አፈር ነው። ብርሃን ብቻ ነው የከለከልኳት።»

«ችግኜን ልትገድይ?»

«አፈር ነው የምትበላው አላልክም? እንግዲህ ትብላ!»

የዛሬ ልጅ አያቱን አንተ ነው የሚለው፤ እሱን ትቼዋለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቆርቆሮውን አነሣችው። ችግኟ ነጥታ፣ ሰልላ፣ አንገቷን ደፍታለች። ጎረቤቷ ለምልማ ቆማለች። ስንት ሺህ ባሕር ዛፍ በእጄ ስተክል ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። እዚያው ተንበርክኬ ደብተሩን አስመጣሁና ፈረምኩ። ያን ዕለት ስሜን ከነአባቴ ነው የጻፍኩት።

ከዚያ ወዲህ ስለ ክፍያው ከልጄ ጋር አልተጣላሁም። መምህርትንም አስተውዬ ማየት ጀመርኩ። መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው ደብተር ሲያርሙ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ደብተር የሞላውን ዘንቢል በእግራቸው ገፋ ያደርጉታል። የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ልጅ ሌላ ቦታ ነው የምትማረው፤ እሷን ምሳ ሰዓታቸው ላይ ያስጠኗት ነበር። አንድ ወላጅ የቤት ሥራ አነሰ ብሎ ቢከሳቸው ምን እንዳሉት ሰምቻለሁ፦ «ብዙ የቤት ሥራ መስጠት ቀላል ነው። ከባዱ ልጁ የሚለውን ቁጭ ብሎ መስማት ነው።»

ማህሌት ሰባተኛ ክፍል ልትገባ ስትል ክፍያው ተጨመረ። የአሰለፈች አቅም አለቀ። በዚህ ጊዜ ልጅቱ ትቆይ ብዬ የሞገትኩት እኔ ነኝ። ዛፎቼን እቆርጣለሁ አልኩ። ገና አልደረሱም፤ ለማገር እንጂ ለአጠና አይሆኑም። ቢሆንም ገዢ አነጋገርኩ። ማህሌት ነግራቸው ይሆናል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምህርት ዳገቱን ወጥተው መጡ። ትንፋሽ አጥሯቸው ግንድ ላይ ተቀመጡ።

«የሚቆርጡት እነዚህን ነው?»

«እነዚህን ነው።»

«ለመድረስ ስንት ዓመት ቀራቸው?»

«ሦስት።»

«አይቁረጧቸው። ማህሌትን ወደ መንግሥቱ ትምህርት ቤት ያዛውሯት።»

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። «እዚያው እየሠሩ ነው እንዲህ የሚሉኝ?»

«እዚያው ስለምሠራ ነው። የምንሰጠውንም የማንሰጠውንም አውቃለሁ። እንግሊዝኛው ይደክምባታል። ቤተ ሙከራ አታገኝም። ክፍሉም ይጨናነቃል፤ አልዋሽዎትም። ነገር ግን ከምንሸጠው ሁሉ ትልቁ እርስዎ ቤት ገብቷል፤ ልጅቷ ሳይገባት ገባኝ አትልም። ዛፉን ቆርጠው ሁለት ዓመት ቢከፍሉ፣ በሦስተኛው ምን ሊቆርጡ ነው?»

«ድሃ ስለሆንን ነው እንዲህ የሚሉን» አልኳቸው።

ክፉ ቃል ነው። ተናግሬዋለሁ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «እንግዲህ ኤክስ ያድርጉብኝ» አሉ፤ «እስኪገባዎት ድረስ።» ዳገቱን ብቻቸውን ወረዱ፤ አልሸኘኋቸውም።

ዛፎቹን ግን አልቆረጥኩም። ማህሌትም ተዛወረች። እዚያ ኮሙኒኬሽን ደብተር የለም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ተራ ደብተር ራሷ አስምራ፣ ከግርጌው «ፊርማ» ብላ ጽፋ አመጣችልኝ።

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም። ኤክስህ ናፈቀኝ» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ መምህርትን አንድ ዓመት ያህል ሰላም አላልኳቸውም። በሚካኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስንገጣጠም ፊቴን ወደ ግንቡ አዞራለሁ። እሳቸው ማህሌትን ከጽዱ ሥር ያስቀምጧትና ያንን ደብተር ይገልጣሉ፤ ኤክስ ያለበት ላይ ሲደርሱ ይጠይቋታል። በየወሩ፣ ክፍያ ሳይኖር፣ እስኪታመሙ ድረስ። እኔም በኋላ ሰላምታውን መለስኩ። ይቅርታው ግን ከአፌ አልወጣም።

ዛፎቹ ደርሰው ተሸጡ፤ ለማህሌት መጽሐፍና ለቤታችን ቆርቆሮ ሆኑ። ማህሌት አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። የጎደለውን አልደብቅም። በቀደም መገናኛ የድሮ ክፍል ጓደኛዋን አገኘን፤ ልጅቱ በእንግሊዝኛ ፈጠን ፈጠን እያለች አወራቻት። ማህሌት እየተንተባተበች መለሰች። ያን ክፍያ ብንቀጥል ኖሮ ይህ አይደርስባትም ነበር። በሌላ በኩል በዚያ በተጨናነቀ ክፍል እጇን አውጥታ «አልገባኝም» የምትለው እሷ ናት አሉ፤ አስተማሪዋ ነው የነገረኝ።

የሰፈር ሰው «ጋሽ ደምሴ፣ ያ ትምህርት ቤት ክፍያው ያዋጣል?» እያለ ይጠይቀኛል። እንደ መምህርት ያለ ሰው ካለበትና አቅምህ ከቻለ ክፈል እላለሁ። ያልደረሰ ዛፍ ቆርጠህ ግን አትክፈል። ከፍለህም ሳታይ የምትፈርም ከሆነ ገንዘብህን ገደል ጨመርከው። እኔ የማውቀው ይህን ያህል ነው።

ታመው ሳሉ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ቤቱ በሰው ሞልቷል። ሲያዩኝ በዚያ ቀጭን ድምፃቸው «ጋሽ ደምሴ፣ ያ ኤክሴ ተነሣልኝ?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አፈርኩ። «ሲሻልዎት እነግርዎታለሁ» አልኩና ወጣሁ።

መምህርት፣ አልተሻለዎትም። ስለዚህ አሁን እነግርዎታለሁ። ያን እሑድ ግንዱ ላይ ተቀምጠው የመከሩኝ ነገር ገብቶኛል። የገባኝም ማህሌት ደብተሯን አስምራ ባመጣችልኝ ዕለት ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት ያስቆየሁት በእልኬ ነው። ድሃ ስለሆንን ነው ያልኩዎትንም ይቅር ይበሉኝ።

መዝገቡ ላይ ከእኔ በፊት የነበሩት «በእግዚአብሔር ፈቃድ» እያሉ ጽፈው ፈርመዋል። እነሱ ገብቷቸው ይሆናል። እኔ አንድ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሳትጨርስ፣ አስተማሪዋ ቀድመው የሚሄዱበት ነገር አልገባኝም። ለይሉኝታ አትፈርም ያሉኝ እርስዎ ነዎት። እዚያ ያለው ኤክስ እስኪገባኝ ድረስ ይቆይ። ምክርዎ ላይ ግን ይኸው እፈርማለሁ። ደህና ይሁኑ፣ መምህርት። ነፍስዎን በደጉ ቦታ ያኑርልኝ።

ደምሴ ወልደ ሚካኤል