ለችሎት የተጠረዘው ኑዛዜ

ዳኛው ሰማያዊውን ጥራዝ ገለጡት። ሦስት ገጽ ብቻ ነው። ሦስቱንም አገላብጠው አዩና ቀና አሉ።

«ፊርማው የታለ?»

ጠራዧ ጥያቄው አልገባትም። «የቱ ፊርማ?»

«የአባትዎ፣ የሁለቱ ምስክሮች። እዚህ ላይ ማንም አልፈረመም እኮ።»

«በዳር በኩል ነው ክቡር ዳኛ። በቀኝ፣ ከላይ ጀምሮ እስከ…»

ለማሳየት የዘረጋችው እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ምን እንዳደረገች የገባት ያን ጊዜ ነው።

ይህችን ሴት የማውቃት ለጥገና በምወስድላት መጽሐፎቼ ነው፤ እሷ ባትኖር ግማሾቹ ዛሬ አይኖሩም ነበር። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቁማ አባቷ የመጽሐፍ መጠረዣ ሱቅ ከገባች ሠላሳ አራት ዓመት ሆኗታል። ያወቀችውን ሁሉ ያወቀችው ለጥገና ከሚመጣው መጽሐፍ ነው። አባቷ «አንቺ ልጅ፣ እየሰፋሽ ነው እያነበብሽ?» ሲሏት «ክሩ እስኪያልቅ ነው አባባ» እያለች አንድ ገጽ ትሰርቅ ነበር። የሳቸው እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ማሽኑንም ደንበኛውንም የያዘችው እሷ ናት። ታላቅ ወንድሟ ግን ሙያውን ከተማረ በኋላ «ሙጫ ሙጫ ለሚሸት ሰው ማን ሚስት ይሰጠዋል» ብሎ ወደ መኪና መለዋወጫ ንግድ ሄደ።

አባትየው በመጨረሻ ዘመናቸው ኑዛዜ አስተየቡ። ከፊት ያለው ሱቅ ከነዕቃው ለሴት ልጃቸው፣ ከኋላ ያሉት ሁለት ክፍሎች ደግሞ ለሁለቱም እኩል። ወረቀት ሲባክን ማየት የማይወዱ ሰው ስለነበሩ ታይፒስቷን እስከ ገጹ ግርጌ ድረስ አስጻፏት። ለፊርማ ቦታ ጠፋ። እሳቸውና ምስክሮቹ ወረቀቱን ወደ ጎን አዙረው በየገጹ የቀኝ ኅዳግ ላይ ፈረሙ።

ከቀብሩ በኋላ እህቲቱ ስታነብለት ወንድምየው ወረቀቱን ዞሮም አላየው። «ይሄን ያስተየብሽው አንቺ ነሽ» ብሏት ወጣ። በሳምንቱ መጥሪያ ደረሳት፤ ኑዛዜው ሐሰተኛ ስለሆነ ንብረቱ በሙሉ ተሽጦ እኩል ይከፈል ይላል። ‹ሐሰተኛ› የሚለውን ቃል ደጋግማ አነበበችው። የጫማ ክር ማሰር ያስተማራት ወንድሟ ነው እንዲህ ያስጻፈው። ሱቁ ከተሸጠስ ሃምሳ ሊሞላት የቀረበች ጠራዥ የት ትገባለች?

ፍርድ ቤቱ ዋናውን ሰነድ ይዛ እንድትቀርብ አዘዘ። እሷ ደግሞ የአባቷን የመጨረሻ ቃል እንደ ተበጣጠሰ ደረሰኝ በእጇ አንጠልጥላ ዳኛ ፊት መቆም አልዋጥልሽ አላት። በዋዜማው ወረቀቱን ሰፋችው፤ ጀርባውን ሙጫ ቀባችው። ከዚያ እጇ እንደለመደው፣ ጠርዙ እኩል እንዲሆን ሦስቱንም ጎን በመቁረጫ ማሽኑ ጣት ጣት የሚያክል ቆረጠችለትና ሰማያዊ ጨርቅ አለበሰችው። ጠርዙ ያልተስተካከለ ሥራ ከዚያ ሱቅ ወጥቶ አያውቅም። ቁርጥራጩን በነጋታው ጠዋት ወረቀት ሰብሳቢው ከሌላው ጋር በጆንያ ጠቅጥቆ ወሰደው።

«ተቆርጧል» አለች።

«ማን ቆረጠው?»

«እኔ። እንዲያምር ብዬ።»

የወንድሟ ጠበቃ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። ከምስክሮቹ አንደኛው ሞቷል፤ ሁለተኛው አገር ለቆ አድራሻው አይታወቅም።

«ያልተፈረመ ወረቀት ኑዛዜ ነው ልል አልችልም» አሉ። «ብይን ከመስጠቴ በፊት ግን፣ የአንድ አባት ልጆች ናችሁና የፍርድ ቤቱ አስማሚ ዘንድ ገብታችሁ ተነጋገሩ።»

የአስማሚዋ ክፍል ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አራት ወንበር፣ አንድ መስኮት። አስማሚዋ ለጠራዧ ውኃ ቀድታ ብትሰጣት ብርጭቆውን ያዘችው እንጂ አልጠጣችም።

«ጉዳዩ እኮ አልቋል» አለ ጠበቃው። «በምን ላይ ነው የምንስማማው?»

ወንድምየው ጥራዙን ሳበና አውራ ጣቱን በጠርዙ ላይ አስኬደ። «ያ መቁረጫ ዛሬም ወደ ጎን ያዘማል?»

«ያዘማል» አለች።

ተነሥቶ መስኮቱ ዘንድ ሄደ። ማሽኑ በማዝመሙ ከቀኝ ጠርዙ ግርጌ አካባቢ የሳተው ነገር ነበር፤ የቀለም ነጥቦች፣ አንዲት ወደ ላይ የተቆለመመች መስመር። ሁለተኛውን ገጽ ገለጠ፤ ያችው መስመር። ሦስተኛውም ላይ አለች።

«ይቺ የአባባ ናት» አለ። «የፊርማው ጭራ።»

«ጭራ ፊርማ አይሆንም ጌታዬ» አለ ጠበቃው። «በሕግ ፊት ምንም አይጎዳንም።»

«እንደማይጎዳንማ ገብቶኛል። እስቲ አንተ ንገረኝ፣ ሐሰተኛ ሰነድ የሚሠራ ሰው ፊርማ ይጨምራል ወይስ ይቆርጣል?»

ጠበቃው ፋይሉን ዘጋ።

«ወንድም ጋሼ፣ አሸንፈሃል» አለች። «ከዚህ በላይ አታድርቀኝ።»

«ዝም በይ እስቲ። ሌባ ብዬሻለሁ እኮ፣ በጽሑፍ።» ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። አስማሚዋን እንጂ እህቱን ማየት አልቻለም። «ሱቁ የሷ ነው፤ እንዲህ ብለው ይጻፉልኝ። የኋላዎቹን ክፍሎች እኔ ልውሰድ። ግን መግቢያ የላቸውም፤ በሱቁ ውስጥ ካልሆነ አይታለፍም።»

ጠራዧ የሰማችውን ማመን አቅቷት አስማሚዋን አየቻት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «በግራ በኩል መተላለፊያ እለቅልሃለሁ። መደርደሪያው የቆመበትን» አለች።

«መደርደሪያውን የት ልታደርጊው?»

«ራሴ ላይ።»

አስማሚዋ ሳቀች። ጠራዧ ግን የቀለደች አልመሰላትም።

ዳኛው ስምምነቱን መረመሩና እንደ ፍርድ እንዲጸና አዘዙ። ሁሉም ሲወጣ እሷ እንደቆመች ነበር፤ የችሎቱ ጸሐፊ መጥታ «እናቴ፣ አልቋል እኮ» አለቻት። ወጥታ ከውጭ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ወንድሟ አጠገቧ ቆሞ ቁልፉን ሲያቅጨለጭል ቆየ።

«ግንበኛው መቼ ይምጣ?» አላት። ይቅርታ ማለት እንዲህ ሆኖ ነው የወጣለት።

«ሰኞ።»

«ሰኞ እኔም አለሁ።»

በዚያ ሳምንት መጽሐፍ ልወስድ ሄጄ ነበር። ለመተላለፊያው አዲስ ግድግዳ ቆሞ ሱቁ ጠቧል፤ እሷም ከአቧራው መሐል ትሰፋለች። የወደቀን እውነት ፈጣሪ በሰው ስሕተት በኩልም ያነሣዋል አልኳት።

«አመሰግነዋለሁ» አለችኝ። «ግን ጠዋት ጠዋት በሩን ስከፍት፣ በገዛ እጄ ላጣው እንደነበር ትዝ እያለኝ ዛሬም እደነግጣለሁ።»