ወደ ጃናሞራ፣ የክርስትና ልብስ ይዤ

ጎንደር፣ ሲነጋጋ

ሚኒባሱ ከመናኸሪያ ሲወጣ ከተማው ገና በጭጋግ እንደተጀቦነ ነው። ጭኔ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ የሕፃን ልብስ ይዣለሁ። ነገ ጠዋት ጃናሞራ ውስጥ፣ መካነ ብርሃን አጠገብ ባለች አንዲት የገጠር መንደር፣ አርባ ቀኑን የሚሞላ ወንድ ልጅ ይጠመቃል። ክርስትና የማነሳው እኔ ነኝ። ሠርግ ይገፋል፣ አርባ ቀን ግን ሰው አይጠብቅም።

አባትየው መሪጌታ እንዳለ ይባላል፤ በቆሎ ተማሪነቱ ዘመን እኛ ግቢ ጎጆ ቀልሶ ዜማ የተማረ ወዳጄ ነው። ልጁ ከተወለደ ወዲህ በስልክ ስሜን፣ «መላኩ» ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም፣ «አበልጄ» ነው የሚለኝ።

«ገና ልጁን ሳላነሳልህ?» ስለው፣

«አፌን ላለማምደው ብዬ ነው» ይላል።

«ክረምት ነው፣ ቀደም ብለህ ና» ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ የገበያው ልብስ ባዶ መስሎ ታየኝና ደረቱ ላይ መስቀል ይጠለፍበት ብዬ ሰጠሁ። ልብስ ሰፊው ዛሬ ነገ እያለ ትናንት ማታ አደረሰልኝ። ጥልፉ ያምራል፣ መቼም ይህን አልክድም።

ኮሶዬ፣ ረፋድ

ብርዱ አጥንት ይገባል። ገደሉ አፋፍ ላይ ያለች ምግብ ቤት ገብተን ሻይ በዳቦ አዘዝን። ከታች ደመና ተኝቷል፣ ከላይ የገብሱ ማሳ አረንጓዴ ነው። የሻይ ዋጋ ካለፈው ጊዜ ጨምሯል፣ ብርጭቆው ግን አንሷል።

«ከደባርቅ ወዲያ ክፉኛ ዘንቧል አሉ» አለ ሹፌሩ ዳቦውን እየነከረ።

«ክረምት መች ሳይዘንብ ቀርቶ ያውቃል?» አልሁት። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ።

ከሳንቃበር ወዲያ፣ ከሰዓት

ደባርቅ ላይ ወደ ጃናሞራ የሚሄድ አይሱዙ አግኝቼ ጋቢና ተቀመጥሁ። ይህን መንገድ እወደዋለሁ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር ይነጫሉ፣ ፏፏቴው በየገደሉ ነጭ ፈትል ይመስላል። ሰው ከባሕር ማዶ የሚመጣው ይህንኑ ሊያይ ነው። አንድ ኩርባ ስንዞር ግን መኪኖች ተሰልፈው ቆመዋል። ጎርፉ መንገዱን ቆርጦ ገደል ከቶታል። በክፍተቱ ውስጥ ድፍርስ ውሃ እያጓራ ይወርዳል።

ወዲያ ማዶ አንድ ሽማግሌ ኮርቻ የተጫነች በቅሎ ይዘው ቆመዋል።

«የመሪጌታ አበልጅ አንተ ነህ?» ብለው ጮኹ።

«እኔ ነኝ፣ አያ!»

«ምነው ቆየህ? ታደለ ነኝ፣ ጎረቤቱ። በቅሎ ይዘህ ተቀበል ብሎኝ መጣሁ። ትናንት ብትመጣ እኮ መንገዱ ደኅና ነበር!»

ትናንትማ ጥልፉን እየጠበቅሁ ነበር። ሰዎች ከዳር ዳር ገመድ ወርውረው ዕቃ ያሳልፋሉ። ገመዱን ያዝ ሳደርግ አንዱ ጎረምሳ እጄን ያዘኝ።

«ሰውስ አናሳልፍም፣ ጋሼ። ውሃው ማለዳ በሬ ወስዷል።»

«በታች በኩልስ መሻገሪያ የለም?»

አያ ታደለ ቀና ብለው ደመናውን አዩ። «ይህ ሰማይ? ውሃው ነገም አይጎድል።»

ብዙ ቆምሁ። ከዚያ ፌስታሉን በነጠላዬ ጠቅልዬ ገመዱ ላይ አሰርሁት። እየተወዛወዘ ተሻገረ። አያ ታደለ ፈትተው አዩት።

«ሸጋ ነው!» አሉ።

«አያ ታደለ፣ ክርስትናውን እርስዎ ያንሱልኝ!»

ልብሱን መልሰው ጠቀለሉት። ከዚያ አማተቡ። «እሺ። እህል ሳልቀምስ አድራለሁ።»

ጥቅሉን ብብታቸው ውስጥ ከትተው ባዶዋን በቅሎ እየሳቡ ሄዱ። አልተቀመጡባትም፣ ለእኔ ስለተጫነች መሰለኝ።

ደባርቅ፣ በማግስቱ

አልጋ ይዤ አደርሁና ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። እኔም እህል አልቀመስሁም፤ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቀውም። ከቅዳሴ ስወጣ ስልኬ ጠራ። እንዳለ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቷል። ከኋላው እልልታ ይሰማል።

«ተጠመቀ?»

«ተጠመቀ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልብሱ ልክክ ብሎለታል። ጥልፉን ያላደነቀ የለም።»

«እንዳለ፣ በጣም ነው ያዘንሁት። ቀደም ብዬ መውጣት ነበረብኝ።»

«ምን ታደርገዋለህ፣ የእግዜር ውሃ ነው።» ድምፁ ውስጥ ቅሬታ የለም። ቢቆጣኝ በተሻለኝ ነበር። ከሩቅ አያ ታደለ ስሙን ሲጠሩ ሰማሁ።

«በል ደኅና ግባ፣ መላኩ» አለኝ። «አበልጄ እየጠሩኝ ነው።»