አራት ቅጠል ባሌስትራ

ዋኘው ተቀምጦ የሚበላ ሰው አልነበረም። ጉርሻውን ይዞ ይነሣና በሩ ላይ ቆሞ እያላመጠ መንገዱን ያያል። ሚስቱ አበቡ «መሬቱ ይፈጅሃል እንዴ?» ትለዋለች። ምን ያድርግ፣ ጠባዩ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በቅሎ እየነዳ ከጎንደር አይከል፣ ከአይከል መተማ ሲመላለስ ኖሮ መቀመጥን ሳይለምደው ዐርባ ዓመት ሞላው። ጣልያን በወጣ በዐሥራ አምስተኛው ዓመት ያፈራቸውን ሰባት በቅሎዎች ሸጦ አንዲት አሮጌ ፒካፕ ገዛ። የሸጠው ግን በቅሎዎቹን ነው እንጂ በቅሎ ነጂነቱን አልነበረም። ያ ሁሉ ጣጣ የመጣውም ከዚሁ ነው።

ፒካፒቱ ሸጋ ነበረች፤ ምን ያደርጋል፣ አጭር ናት። የአይከልን መንገድ ከባድ የጭነት መኪናዎች ግራና ቀኙን ቦርቡረው መኻሉን እንደ በሬ ሻኛ አቁመውታል። የዋኘው መኪና በዚያ ጉብታ ላይ ሆዷ እየተፋቀ ትሄዳለች። ከሥር ድንጋይ በመታት ቍጥር እሱ ከላይ ጥርሱን ይነክሳል። ክረምት ከመግባቱ በፊት መላ ካልፈለገላት ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ቆማ መክረሟ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ከጎኑ የምትቀመጠው ሸምሲያ ነበረች። የጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ሰው ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ንግዱን በራሷ ይዛ አቡጀዲና ጨው ወደ አይከል ገበያ ትወስዳለች፣ ጥጥና ቆዳ ይዛ ትመለሳለች። ሰውነቷ ደልደል ያለ ነው፤ ቀኝ ጉልበቷን ያማታል። ዋኘው መኪና ነጂ ነኝ ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገረው በእሷ ጭነት ነበር። እሷ ከቀረች ሐሙስ የሚባል ቀን ለእሱ የለም።

በሚያዝያ መኪናዋን ወደ ገብረ ሚካኤል ጋራዥ ነዳት። ገብረ ሚካኤል ለጣልያን መካኒክ ቁልፍ ከማቀበል ጀምሮ ሙያውን የተማረ፣ ነገር ሲጠይቁት መጀመሪያ እጁን በጨርቅ የሚጠርግ ሽማግሌ ነው።

«ከፍ አድርግልኝ፣ አያ» አለው ዋኘው።

ገብረ ሚካኤል ጎንበስ ብሎ ባሌስትራዋን አየ። ባሌስትራ በጎማውና በመኪናው አካል መካከል እንደ ጎራዴ ጎብጠው የተደራረቡት፣ ሸክሙን የሚችሉት ብረቶች ናቸው። የጋራዥ ሰው አንዱን ብረት ቅጠል ይለዋል።

«አዘዞ ተጥሎ ከቀረው የጣልያን ካሚዮን የነቀልኋቸው ቅጠሎች አሉኝ። በየጎማው ሁለት ሁለት ብጨምርላት ይበቃታል።»

«አራት አራት አድርግልኝ።»

«ምነው፣ ልትበርባት ነው?»

«በቅሎ ስገዛ እግረ ረጅሟን ነበር የምመርጥ። ወንዝ የምትሻገር እሷ ናት።»

ገብረ ሚካኤል እጁን እንደገና ጠረገ። «ይህችን አባትሽ ማነው ብትላት፣ ፈረስ አጎቴ ነው የምትልህ መሰለህ? ማኪና ናት። በቅሎ ጉልበቷን ታጥፋለች፤ ይህች በምን ታጥፈዋለች? ብረት ስትጨምርባት ትደርቃለች።»

«አራት» አለ ዋኘው፣ ካንዱ እግሩ ወደ ሌላው እየተላለፈ።

«እሺ፣ አራት። የፍሬኑንም የጎማ ቱቦ ላስረዝመው፤ አለዚያ ይወጠርና ቁልቁለት ላይ ጉድ ያደርግሃል።»

ሥራው ሲያልቅ ዋኘው እስከ አዘዞ ነዳት። ከሥር አንድ ድንጋይ አልነካትም። ዝምታው ግራ ስላጋባው ሁለት ጊዜ አቁሞ ወርዶ ከሥሯ አየ።

ሐሙስ ጧት ከሸምሲያ ደጃፍ ቆመ። ሸምሲያ በሩን ከፍታ አንድ እግሯን አነሣች፤ አልደረሰም። ሌላውን ሞከረች፤ ጉልበቷ እንቢ አለ። ያኔ ጭነቱን የጫኑት ሁለት ተሸካሚዎች ሳይጠሩ መጥተው ከኋላዋ ገፍተው አወጧት። መንገደኛው ሳቀ። ልብስ ሰፊው ዐብደላ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ፣ «እትዬ ሸምሲያ፣ ግመል ገዙ እንዴ?» አላት።

ሸምሲያ እስከ አይከል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሄደች። ሲመለሱም እንደዚያው። ከደጃፏ ስትደርስ በሩን ይዛ ተንሸራታ ወረደችና ነጠላዋን አስተካከለች።

«ዋኘው፣ ለሐሙስ አትምጣ።»

«ምነው፣ እትዬ?»

«እኔ ቆዳ አይደለሁም፣ ተገፍቼ የምጫን። ከነጋ ጋር እሄዳለሁ።»

ነጋም በዚያው መንገድ የሚነዳ ሰው ነው፤ መኪናው የዋኘው እንደ ነበረችው ዝቅተኛ ናት።

ከዚያ በኋላ ዋኘው ዕረፍት አጣ። ባዶዋን ሲነዳት መኪናዋ እንዳልተገራች ግልገል በቅሎ ትዘላለች። ከኋላ የሚሳፈሩት ሰዎች፣ «እርካብ የላት፣ ልጓም የላት» እያሉ ይቀልዱባታል። አንድ ቀን ቅጠሎቹን ሊያስወልቅ ተነሣ። ጋራዡ በር ላይ ሲደርስ፣ ክረምቱ መጣ፣ ያንን ጉብታ በምን ላልፈው ነው ብሎ ተመለሰ። በማግስቱ ደግሞ ሄደ። ገብረ ሚካኤል፣ «ልግባ ወይስ ልውጣ ሳትወስን ደጄን አፈረስኸው» አለው። ሐሙስ ሲሆን ጉዳይ ያለው መስሎ በአዲስ ዓለም ያልፋል። ሸምሲያ ከነጋ ጎን ተቀምጣ ወዲያ ታያለች።

ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሐሙስ ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አደረ። ዋኘው ጥቂት ተሳፋሪ ከኋላ ጭኖ ጭቃውን እየሰነጠቀ ሲሄድ፣ አይከል ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የነጋን መኪና አገኛት። ሆዷ ጉብታው ላይ ተንጠልጥሎ ጎማዋ ጭቃ ይረጫል። ሸምሲያ ጥላ ይዛ መንገድ ዳር ቆማለች።

በጠፍር ቢጎትቷት አልተነቃነቀችም። ነጋ ጭቃውን ከፊቱ እየጠረገ፣ «በሬ ካልመጣ አትወጣም። ጭነቱንና እትዬን ግመልህ ትውሰዳቸው» አለ።

«ጨርቁን ጫን» አለች ሸምሲያ። «አይከል አድርስልኝ። እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ።»

«በዚህ ዝናብ?»

«በዚህ ዝናብ።»

ተሳፋሪዎቹ ከኋላ ሆነው ያያሉ። ከመካከላቸው አንዱ ሊረዳ ሲወርድ ዋኘው ክንዱን ያዘው። ሸምሲያ ለምን እንደማትወጣ ገብቶታል። በበቅሎ ዘመኑ ስንት እመቤት አሳፍሯል፤ አንዷን እንኳ ከኋላ የገፋ የለም። በቅሎ ወደ መወጣጫ ድንጋይ ትቀረባለች እንጂ ሰው ወደ በቅሎ አይወረወርም። ነጂው በወዲያኛው ወገን ሆኖ፣ ኮርቻው እንዳይዞር እርካቡን ይይዛል፤ ፊቱንም ያዞራል። መኪናዋን የበቅሎ ቁመት ሰጣት፤ የበቅሎውን ወግ ግን ከበቅሎዎቹ ጋር ሸጦታል።

ነድቶ መኪናዋን ከመንገዱ ዳር ካለ ጠፍጣፋ ቋጥኝ ጋር አስጠጋ። የሸምሲያን በር ከፈተላት፤ ከዚያ በወዲያኛው ወገን ዞሮ፣ እንደ እርካብ የራሱን በር ጨብጦ ይዞ ፊቱን ወደ ጋራው አዞረ።

«ይውጡ፣ እትዬ። የሚያይ የለም።»

ነጋም ፊቱን አዞረ። ከኋላ ያሉት ሳይነገራቸው ከመንገዱ በታች ወዳለው ወንዝ ማየት ጀመሩ። ረጅም ጊዜ የሄደ መሰለው፤ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ መኪናዋ በአንድ ወገን ዝቅ አለች፣ በር ተዘጋ።

ትንሽ እንደ ሄዱ ሸምሲያ ጣሪያውን በአንድ እጇ ደግፋ፣ «ታንገጫግጫለች» አለች።

«አራት ቅጠል ነው የጨመርኩባት።»

«ገብረ ሚካኤል ስንት ብሎህ ነበር?»

ዋኘው አንድ ጉድጓድ ዞሮ አለፈ። «ሁለት።»

«እንግዲያ ሁለቱን አውጣላት። በድንጋይ መውጣቱን እኔ እችለዋለሁ።»

በሳምንቱ ከሸምሲያ ደጃፍ ሲደርስ መኪናዋ በየጎማው ሁለት ቅጠል ወጥቶላት፣ ከኋላዋ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጭኖባት ነበር። ዋኘው ድንጋዩን አውርዶ ከበሩ ሥር አስቀመጠና ዞሮ በወዲያኛው ወገን ቆመ። ዐብደላ ከሱቁ ብቅ ሲል፣ ገና ሳይናገር ሸምሲያ፣ «መርፌህን ያዝ» አለችው። ያዘ።

ሸምሲያ ወጥታ ተቀመጠች። ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ መኪናዋ አትነሣም። አንገቷን በመስኮቱ ብታወጣ ዋኘው ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ከሥር ያያል።

«ምነው፣ ምን ታያለህ?»

«አንድ ነገር የጮኸ መሰለኝ።»

«የጮኸው ልብህ ነው። ድንጋዩን ጫንና ንዳ፤ ገበያው ይፈታል።»

ድንጋዩን ጫነ። ወደ መሪው ከመግባቱ በፊት ግን አንድ ጊዜ፣ እሷ ሳታየው፣ ደግሞ ጎንበስ አለ።