የገዛ ልጇን የፈተሸች

ወደ ሕንፃው ሲገባ ፍተሻው ለሁለት ይከፈላል፤ ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ። በግራ በኩል ከአንዲት ጠባብ ጠረጴዛ ኋላ የምትቆመውን ሴትዮ ከላይ ፎቅ እስከ ታች የማያውቃት ሠራተኛ የለም፤ ስሟን የጠየቃት ግን አንድም ሰው የለም። እርስ በርሳቸው ሲያወሩ «ማኅተም» ነው የሚሏት። ሥራ አስኪያጇም ትምጣ የጽዳት ሠራተኛዋ ፊቷ ያንኑ አንድ ነገር ነው የሚመታው ማለታቸው ነው። ይህን ቅጽል ስም አንድ ቀን መጸዳጃ ቤት በር ዘግታ ሳለች ሁለት ሴቶች መስታወት ፊት ሆነው ሲሳሳቁበት በጆሯ ሰምታለች። አልደነቃትም። እንደሚንቋት ሥራ ከመጀመሯም በፊት ታውቅ ነበር።

እንዴት አወቀች? እሱን እንኳን ለማስረዳት ያስቸግራል። በፊት የልጆች ልብስ የምትሸጥባት አንዲት ሱቅ ነበረቻት። ጠባብ ናት፣ ግን ቁልፏ በእሷ እጅ ነው፤ ደንበኞቿም ከነልጆቻቸው እየመጡ ይጫወቱባት ነበር። አከራዩ ኪራዩን ሰማይ ላይ ሲሰቅለው ሱቋ ተዘጋች። ቤት ተቀምጣ ተቀምጣ ሲሰለቻት አንድ ዘመዷ ይህን ሥራ አገኘላት። ሰማያዊ ሱሪና ሸሚዝ ሰጧት፣ ለበሰችው፣ መስታወት ፊት ቆመች፣ የምታየውን ሰው አልወደደችውም። ጉዳዩ እዚያው አለቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፀሐይም ሆነ ዝናብ፣ ከቤት ስትወጣ እስከ አንገቷ የሚቆለፍ ረጅም ካፖርት ዩኒፎርሙ ላይ ትደርባለች፤ የምታወልቀው የጥበቃዎቹ ክፍል ስትደርስ ነው።

ስትፈትሽ ከዚፕ በላይ ቀና አትልም። የምትናገረው «ክፈቺ» እና «ቀጥይ» ነው። የምሳ ዕቃ ካየች «ይሄ ምንድን ነው?» ትላለች፤ የምሳ ዕቃ ሁሉ ይከፈት የሚል መመሪያ አለ። ሰዉም ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ወርወር ያደርግና ስልኩን እያየ ይጠብቃል። እሷ ደግሞ ይህችን ወርወር እያየች «አላልኩም?» ትላለች በሆዷ። እንግዲህ ዚፑን ብቻ ለምታይ ሴት ማን ፊቱን ይሰጣል? አንዳንድ አዲስ ተቀጣሪ ግን መቼም ሳያውቅ እንዴት አደርሽ ይላታል። እንዲህ ያለውን ሰው ወይ ይቀልድብኛል ወይ የደበቀው ነገር አለ ብላ ቦርሳውን ደግማ ትበረብራለች። አዲሱ ሰው ሳይሰነብት ዝም ማለትን ይማራል።

በቀኝ በኩል ያሉት ጓደኛዋ ሻለቃ ናቸው። ሻለቃ እንኳን ጦር ሜዳ ሊውሉ ዱላ አንስተው አያውቁም፤ ማዕረጉን ያሰጣቸው ጢማቸው ነው። የአንዱን ጉልበት፣ የሌላውን ልጅ ጥርስ ማብቀል ሲጠይቁ ያረፍዳሉ። ሰዉም አንብቦ የጨረሰውን ጋዜጣ ያቀብላቸዋል፣ ወጥቶ እስኪጠፋ ይሰናበታቸዋል። ፈታሿ ለዚህ መልስ አላት፦ ወንድ ናቸው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ለእሳቸው ያምራል። አንድ ቀን እሳቸው ሰልፉ ሲቀል ጠጋ ብለው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሰዉ ገና ከታክሲ ሳይወርድ እኮ ተጣልተሽው ነው የምትጠብቂው» ቢሏት እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አኮረፈቻቸው።

ያለቻት አንዲት ልጅ ናት። ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ፣ ማመልከቻ ስትበትን ከርማ በመጨረሻ እዚያው ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ ስልክ እንድታነሳ ተቀጠረች። እናት በደስታ አቀፈቻት። ማታ ጋደም ስትል ግን ፍርሃት ያዛት። እናቷ ታች በር ላይ ቦርሳ በርባሪ መሆኗን ካወቁ ልጄን ማን ሰው ብሎ ያያታል አለች። ስለዚህ ልጅቷን ሳታማክር የራሷን ውሳኔ ወሰነች።

በመጀመሪያው ቀን ምሳዋን በገዛ እጇ ቋጥራላት ቀድማ ወጣች። ልጅቷ ከሁለት አዲስ የሥራ ጓደኞቿ ጋር መጣች፤ ከሩቅ ጀምሮ ጥርሷ ተገልጦ ነበር። «እማ» ልትል አፏን ስትከፍት እናት ዓይኗን ዚፑ ላይ ጣለች።

«ክፈቺ።»

ልጅቷ ከፈተች። ሰማያዊ ክዳን ያለው የምሳ ዕቃ ብቅ አለ፤ ቤታቸው ከመደርደሪያው የማይታጣው ያው ዕቃ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ልጅቷ አየቻትና ምሳ ነው አለች። ክፈቺው ተባለች፣ ከፈተችው። እናት ማለዳ ተነስታ የሠራችው ሩዝ ገና ይተናል። ቀጥይ አለቻት። ያን ቀን ፈታሿ ቢከፋትም ኩራትም ተሰምቷት ነበር፤ ለልጇ ስትል ራሷን የደበቀች እናት ናት።

በማግስቱ ልጅቷ በዚያ በር አልመጣችም። በኋላ በር፣ በመኪና ማቆሚያው በኩል፣ ቆሻሻ ገንዳዎቹን ዞራ ስትገባ እናት በመስኮቱ አየቻት። ከዚያም በየቀኑ እንደዚያው ሆነ። ምሳም መያዝ ተወች። አፈረችብኝ አለች እናት፤ ራሷ ያዘጋጀችላትን መደበቂያ ልጅቷ ስትጠቀምበት አንጀቷን በላት። ቤት ውስጥ ወሬው «ውሃው ሄደ?» እና «በሩን ቆልፊው» ብቻ ሆነ። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ልጅቷ ከአንዷ ጓደኛዋ ጋር ለሥራው ቅርብ የሆነ ክፍል ልትከራይ ማሰቧን ነገረቻት።

ልጅቷ አመሻሽ ላይ ልብሷን እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ስትደረድር እናት በሩ ላይ ቆማ ማየቱን አልቻለችም። ብታፍሪብኝ አልፈርድብሽም፣ ግን ለዚህ ብለሽ ከቤት አትውጪ አለቻት።

ልጅቷ የያዘችውን ሹራብ አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ ያፈርኩብሽ? መንገዱን ሙሉ ለነዚያ ልጆች እናቴ በሩ ላይ ናት፣ አስተዋውቃችኋለሁ ስላቸው ነበር የመጣሁት። አንቺ ራስሽ የቋጠርሽውን ምሳ ምንድን ነው ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ እማ። ስልክ ማንሳት ሥራ አይደለም ብለሽ ያፈርሽብኝ መሰለኝ።»

«ከዚያ ምን አልሻቸው?»

«ምን እላለሁ? እናቴ ዛሬ እረፍት ናት አልኳቸው።»

እናት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስለ ልጇ ይህን ያህል ከተሳሳተች፣ ስለዚያ ሁሉ ቦርሳ ወርዋሪስ? አንድ በአንድ ልታስባቸው ሞከረች፤ ፊታቸውን ግን አታውቀውም። የምታውቀው ቦርሳቸውን ነው። አፈረች፣ በዩኒፎርሙ ሳይሆን በዚህ። ልጅቷ ሹራቡን መልሳ አነሳች፤ ሻንጣው ውስጥ ትክተተው ወይስ ትመልሰው እናት ቀና ብላ አላየችም።

በማግስቱ ካፖርቱን እንደ ልማዷ እስከ አንገቷ ቆልፋ ወጣች፤ ሰው እንደ ሸሚዝ ባንድ ሌሊት አይገለበጥም። ከመውጣቷ በፊት ግን ምሳ ቋጥራ ጠረጴዛው ላይ ትታ ነበር። ሥራ ቦታ ቆማ መጀመሪያ የመጣችውን ባለ ረጅም ተረከዝ ሴት ቀና ብላ እንዴት አደርሽ አለቻት። ሴትዮዋ ስልክ ላይ ነበረች፤ ሳትሰማት አለፈች። ፈታሿ ደሟ ፈላ። ዓይኗን መልሳ ዚፑ ላይ ልትጥል ምንም አልቀራት። ሻለቃ ማዶ ሆነው የአንዱን ሰውዬ ቀበቶ የሚመረምሩ መሰሉ። ሁለተኛዋ የሂሳብ ክፍል ሠራተኛ ነበረች፤ ሰላምታውን ስትሰማ ለማን ነው ብላ ዞራ ኋላዋን አየች። ለራሷ መሆኑ ሲገባት፣ «ደህና... አሞሻል እንዴ?» አለቻት ከልቧ ተጨንቃ። ፈታሿ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፣ ሴትየዋም አብራት ሳቀች።

ሰልፉ ሲረዝም ዓይኗ በመኪና ማቆሚያው በኩል ወዳለው መስኮት እየሸሸ አስቸገራት። እዚያ ማንም የለም። ፊቷን ስትመልስ ልጇ ጠረጴዛው ፊት ቆማለች፣ ሁለቱ ጓደኞቿም ከኋላዋ። ቦርሳው ተከፍቷል። ሰማያዊው ክዳን ከላይ ነው። የለመደ አፍ መቼም አይታመን፣ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ አረፈው፤ ራሷም በራሷ ደነገጠች።

ልጅቷ ፈገግ አላለችም። ዓይን ዓይኗን አየቻት።

«ምሳ ነው። እናቴ ናት የቋጠረችልኝ።»

ሰልፉ ቆሞ ይጠብቃል። ፈታሿ የምሳ ዕቃውን ሳትከፍት ወደ ቦርሳው መለሰችና ዚፑን ራሷ ዘጋችላት። ከዚያ ቀና ብላ ሁለቱን ልጆች ተራ በተራ አየቻቸው።

«እናቷ እኔ ነኝ፣ ልጆቼ» አለቻቸው። «ያን ቀን እረፍት ላይ ነበርኩ።»