ላባቸው ይለይና

አያቴ ዕድሜያቸውን የፈጁት አንዲት ቀይ ላባ የሌለችበት፣ ጥቁር ላይ ነጭ የተረጨበት ዛጎልማ አውራ ዶሮ ለማግኘት ነበር። ደብረ ብርሃን ሄጄ ሥራ ልፈልግ ባልኳቸው ቁጥር «የነዚህ ጫጩቶች ላባ ይለይና ትሄጃለሽ» ይሉኛል። ሲለይ ከክንፋቸው ሥር ቀይ ብቅ ይላል፤ እሳቸውም ሌላ ዶሮ ያሳቅፋሉ። «አባባ፣ እንደ ገበያ ዶሮ እግሬን አሰሩኝ!» ብዬ ጮኼባቸው አውቃለሁ።

አንዷ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ሳለች አያቴ አረፉ። አርባቸው እንዳለፈ ጎረቤታችን እማማ መጥተው «ልጄ፣ ጫጩቶቹን ለኔ ስጪኝና ሂጂ፤ ከእንግዲህ ማን አሰረሽ?» አሉኝ።

ሻንጣዬን አንስቼ ነበር። ባዶው የአያቴ በርጩማ አጠገብ አንዷን ጫጩት ይዤ ክንፏን ገለጥኩ። ገና አልለየም።

እማማን «ላባቸው ይለይና» አልኳቸው።