ጋሽ ሽኩር ያስቀመጡልኝ ኮክ

ሰሞኑን ቸርችል ጎዳናን ስወርድ አንዲት ሴት ኮክ በሳፋ ይዛ ጥግ ላይ ተቀምጣ አየሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ሌላው ኮክ ሲገዛ እኔ ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ። ልጄ ኮክ የማልወድ ይመስላታል፤ እኔም አላስተባብልም።

አዲስ ሙሽራ ሆኜ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር አማቴ ቤት በምንኖርበት ክረምት አረገዝኩ። አማቴ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ የሰው ዓይን ግን ይፈራሉ። ሆዴ እስኪገፋ ለገዛ እህቴም ጭምር ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቁኝ። እኔም ደበቅኩ።

ከጋሽ ሽኩር ግን መደበቅ አልቻልኩም። አትክልት ተራ ፍራፍሬ የሚነግዱ ሽማግሌ ነበሩ። ጭቃውን እየዘለልኩ ጎመን ልገዛ ሄጄ፣ የኮኩ ሽታ ምራቄን አስውጦኝ ቆሜ ቀረሁ። አንዴ አየት አደረጉኝና ትልቁን መርጠው እጄ ላይ አኖሩልኝ። ልከፍል ቦርሳዬን ስከፍት፣ "የአምሮት አይሸጥም፣ ልጄ" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ የበሰለውን እየለዩ ያስቀምጡልኝ ጀመር።

ሕመሙ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ከእምብርቴ በታች በቀኝ በኩል ይወጋኛል፤ ከማህፀኔ የሚወጣው ፈሳሽ ሽታ አመጣ፤ ማታ ማታ ያተኩሰኛል። አማቴ ፅንስ ሲይዝ ያለ ነው አሉ። ሐኪም ቤት ብሄድ ሰው ያየኛል ብዬ ቻልኩት። አንድ ቀን ጠዋት ጎንበስ እንዳልኩ ቀና ማለት አቃተኝ፤ ባለቤቴ በታክሲ ይዞኝ በረረ። ሐኪሟ ማህፀኔ አካባቢ የቆየ ኢንፌክሽን እንዳለ፣ እንቁላል ማፍሪያዬ ላይም ውሃ የቋጠረ እባጭ ወጥቶ መጠምዘዙን ነገረችን። እንዲህ ያለው እባጭ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል፣ ኢንፌክሽኑም በጊዜ ብትመጪ በመድኃኒት ይድን ነበር አለች። ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። ፅንሱ ግን አልተረፈም።

ቤት ስገባ ለቅሶ የሚደርስ ሰው የለም። ማርገዜን ያልሰማ ምን ብሎ ይመጣል? ለጎረቤት አንጀቷን ታማ ነው ተባለ፤ ሾርባ ይዘው እየመጡ "እግዜር ይማርሽ" ብለውኝ ሄዱ። አማቴም "እንኳን አንቺ ተረፍሽ" ብለው ጓዳ ገቡ፤ እዚያ ሲያለቅሱ ሰምቻቸዋለሁ። እኔ ግን ማልቀሻ አጣሁ።

ትንሽ ሲሻለኝ አትክልት ተራ ሄድኩ። ጋሽ ሽኩር ከሩቅ ሲያዩኝ ከመደባቸው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ኮክ አወጡ። "ምነው ጠፋሽ? ስንቱ በስብሶ ተጣለ መሰለሽ" አሉኝ።

"ጋሽ ሽኩር፣ አልተረፈልኝም" አልኳቸው።

ኮኩን መልሰው አስቀመጡና ከመቀመጫቸው ተነሱ። "አላህ ያጽናሽ፣ ልጄ" አሉ። ሰው ለሞተበት የሚባለውን ነው ያሉኝ። እዚያው የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጬ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። እሳቸውም ደንበኛ እየመለሱ አጠገቤ ቆዩ።

ያ ገበያ ዛሬ የለም፤ ነጋዴውም ተበትኗል። በቅርቡ ከጋሽ ሽኩር ጋር ይነግድ የነበረ ሰው አግኝቼ ስጠይቅ፣ ካረፉ ቆዩ አለኝ። የት እንደተቀበሩም አያውቅም። ያን ዕለት ቸርችል ላይ ሴትዮዋን ካለፍኩ በኋላ ተመልሼ ኮክ ገዛሁ። ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት እንጂ አልበላሁትም። ላልተወለደው ልጄ ለቅሶ የደረሱት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እኔ ግን ለእሳቸው አልደረስኩም።